ይወገዱ የተባሉት ወረቀቶች

ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን ገበያ የወጣችው ለስድስት አዝራር ነበር። የተማሪ ሸሚዝ ሠላሳ ታዛ ሃያ ዘጠኙን ጨርሳ፣ ለመጨረሻው ነጭ አዝራር አለቀባት። ባለ ሱቁ ስድስቱን በቁራጭ ወረቀት ጠቅልሎ ሰጣት፤ እሷም ቦርሳዋ ውስጥ ጣል አድርጋ ቤቷ ገባች።

ጥቅልሉን የፈታችው ስፌት መኪናዋ ላይ ከተቀመጠች በኋላ ነው። አዝራሮቹን አፍስሳ ወረቀቱን ጨምድዳ ልትጥለው ስትል፣ ዓይኗ ጥጉ ላይ ያለች ምልክት ላይ አረፈ። የባንኳ ምልክት ናት። ወረቀቱን በመዳፏ ደልድላ ዘረጋችው። «የደንበኛ መረጃ ማደሻ ቅጽ» ይላል። ስም፣ የእናት ስም፣ ስልክ፣ የቤት ቁጥር፣ የቅርብ ተጠሪ፤ ሁሉም በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሞልቷል። «ከዋናው መንገድ እስከ መኖሪያ ቤትዎ ያለውን አቅጣጫ በንድፍ ያሳዩ» ከሚለው ሥር ደግሞ፣ የማታውቀው ሰው የማታውቀውን ቤቱን ስሎበታል። ፋርማሲ፣ ጠባብ መንገድ፣ ሁለት ዛፍ፣ አረንጓዴ በር። ሰውየው ሥዕል አይሆንለትም፤ ዛፎቹ ጃንጥላ መስለዋል።

ክው አለች። ከስምንት ወር በፊት እሷም ይህንኑ ቅጽ ሞልታለች። እሷም ቤቷን ስላለች።

ለሌላ ሰው ይህ የሚያናድድ ነገር ነው፤ ተናዶ፣ ለጎረቤት አውርቶ፣ ይረሳዋል። ለዚህች ሴት ግን የነፍስ ጉዳይ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከልጇ አባት ተደብቃ ነው የኖረችው። ከተማ ቀይራለች፣ ስልክ ቀይራለች፣ የገዛ እህቷ እንኳ የምትኖርበትን ሠፈር አታውቅም። ሰውየውን የድሮ ጎረቤቶቹ «ጨዋው» ይሉታል። እውነትም ስድብ ከአፉ አይወጣም፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፣ ሽማግሌ ካየ ከመቀመጫው ብድግ ይላል። የግራ እጇን ሁለት ጣቶች መቃኑ ላይ ይዞ በሩን የዘጋባትም በዚያው ለስላሳ ድምፁ «ይቅርታ እናቴ፣ አንቺ ነሽ ያስገደድሽኝ» እያለ ነው። ጣቶቹ እስከ ዛሬ አይታጠፉም። ጥላው ስትወጣም አልጮኸባትም። «የትም ግቢ፤ እመጣለሁ» ብቻ ነው ያላት፣ ሱቅ ደርሶ እንደሚመለስ ሰው።

ቅጹን ያስሞላቻት የመስኮቷ ልጅ ትዝ አለቻት። «ንድፉን ብተወውስ?» ብላ ለምናት ነበር።

«አይቻልም እህቴ፤ ካልተሞላ ሲስተሙ ሂሳብሽን ይዘጋዋል።»

«የማይሆን ሰው እጅ ቢገባስ?»

ልጅቷ ሳቀች። «ኧረ ባንክ እኮ ነው! ምስጢር መጠበቅ አይደል እንዴ ሥራችን?»

እሷም ሳለች። አስፋልቱን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ከወፍጮ ቤቱ ሦስተኛውን በር። ልጅቷ ንድፉን አየችና «በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ መለያ ነገር ጻፊበት» አለቻት። ጻፈችበት፦ «ሲከፈት የሚጮኸው»።

በሩ እውነትም ይጮኻል። ሲከፈት ሠፈሩን ሁሉ ያስታውቃል። ሌላ ተከራይ ቢሆን ይማረርበት ነበር፤ እሷ ግን ያንን ጩኸት እንደ ዘበኛ ነው የምትወደው። በሩ ሲጮኽ እግሯን ከመኪናው ፔዳል ታነሳለች፣ የአረማመዱን ድምፅ ታዳምጣለች፣ የማን እንደሆነ ስትለይ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች። የምታጉረመርመው በአከራይዋ ብቻ ነው። አሮጊቷ በሩን ቀኑን ሙሉ ከውስጥ ይቀረቅሩታል፤ ነገር ግን ሲንኳኳ «ማነው?» ይላሉ፣ ከውጭ «እኔ ነኝ» ሲባል መቀርቀሪያውን ሳብ ያደርጉታል።

«እማማ፣ 'እኔ' ማነው? ሁሉም ሰው እኮ 'እኔ' ነው» ትላቸዋለች።

«ታዲያ ሌላ ሰው ነኝ ይበለኝ?» ይሏታል።

በማግስቱ የአዝራር ወረቀቷን ይዛ ባንኩ ቅርንጫፍ ሄደች። ሥራ አስኪያጁ ወንበር ስቦ አስቀመጣት፣ ወረቀቱን አየ፣ ፊቱም ተለዋወጠ። መጀመሪያ «ይሄ ከእኛ አልወጣም» አለ። ምልክቱን ስታሳየው «ወጥቶም ከሆነ በእኛ ጥፋት አይደለም» አለ። በማን ጥፋት ነው ስትለው «ጥፋትም ቢሆን፣ እስቲ አንቺ ምን ሆንሽ? ይኸው ደህና ነሽ» አላት። በዚህ መሃል እጁ ቀስ ብሎ ወደ ወረቀቱ ሲሄድ አየችና ቀድማ አነሳችው።

«እሱን እንኳ እዚህ ብትተዪልን...»

«አዝራሬን በምን ልጠቅልለው?» አለችና ወጣች። መንገድ ላይ ስትደርስ ግን ያ ድፍረት የት እንደገባ እንጃ፤ የፎቅ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ሳምንት አይባልም። ከሱቅ ሱቅ እየዞረች ያላስፈለጋትን ምስማር፣ ያላስፈለጋትን ሻማ በትንሽ በትንሹ ትገዛለች፤ የምትፈልገው መጠቅለያውን ነው። አሥራ አንድ ቅጽ ሰበሰበች። የአንድ ነርስ፣ የአንድ መምህር፣ ባሏ የሞተባት የአንዲት ሴት፤ ቤታቸውን ሁሉ አወቀችው። የራሷን ግን አላገኘችም። ማታ ማታ ፍራሿ ላይ ተጋድማ የምታስበው ስለዚያ ስላላገኘችው ወረቀት ነው። የት ይሆን ያለው? የማን ሳሙና ተጠቅልሎበት፣ በማን ኪስ ገብቶ ይሆን?

ጠበቃው ቢሮው ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ነው። ወጣት ነው፣ ይቸኩላል፣ ነገር ይወዳል። አሥራ አንዱን ቅጽ ሲያይ ዓይኑ በራ።

«ይህማ ግልጽ ቸልተኝነት ነው! አንድ ችግር ብቻ ነው ያለን። ሕጉ 'ምን ደረሰብሽ?' ነው የሚለው፤ 'ምን ፈራሽ?' አይልም። የአንቺ ቅጽ ሰውየው እጅ ቢገባ ኖሮ...»

«ቢገባ ኖሮ እዚህ አልመጣም ነበር» አለችው።

ጠበቃው አፈረ። ቢሆንም እንሞክራለን አላት፤ ባንኩ ኃላፊ ነው ተብሎ ይወሰን፣ የተበተነውን ይሰብስብ፣ እሷ ሌላ ቤት የምትገባበትን ይሸፍን። ክሱን ሲያዘጋጅ ስምና አድራሻዋን ጠየቃት።

«የግድ ነው?»

«ያለ አድራሻ ክስ አይከፈትም። አይዞሽ፣ ቅጂው የሚደርሰው ለባንኩ ብቻ ነው። ባንኩማ ድሮም ያውቀዋል!» ብሎ ሳቀ። ከዚያም ባዶ ወረቀት ገፋላት። «ያን ንድፍ እንደገና ሳይልኝ። ዳኞች ምን ዓይነት ነገር እንደተበተነ በዓይናቸው ይዩት።»

ሳለችለት። ወፍጮ ቤቱን፣ ሦስተኛውን በር። «ሲከፈት የሚጮኸው» ብላም ጻፈችበት፤ እንደነበረው ይሁን ብሏታልና።

በመጀመሪያው ቀጠሮ የባንኩ ንብረት ክፍል ኃላፊ ለምስክርነት ቀረቡ። ጡረታ ለመውጣት አራት ወር የቀራቸው፣ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሽማግሌ ናቸው። ከዋናው መሥሪያ ቤት የደረሳቸው ደብዳቤ ተነበበ፦ «በመዝገብ ቤቱ ቦታ ያጣበቡ፣ ወደ ኮምፒውተር የተገለበጡ ቅጾች በአስቸኳይ ይወገዱ።»

«ታዲያ እርስዎ ምን አደረጉ?» አለ ጠበቃው።

«አስወገድኳቸዋ።»

«እንዴት?»

ሽማግሌው ጥያቄው ገረማቸው። «በጨረታ ነዋ! ሃያ ስድስት ዓመት ንብረት ክፍል ሠርቻለሁ። ወንበር ይወገድ ተባልኩ፣ በጨረታ ሸጥኩ። ጎማ ይወገድ ተባልኩ፣ ሸጥኩ። ወረቀቶች ይወገዱ ተባልኩ፣ በኪሎ ሸጥኩ። ደረሰኝ አለኝ።»

«መቃጠል እንዳለባቸው አላወቁም?»

«ይቃጠሉ ቢሉኝ አቃጥል ነበር። ይቃጠሉ አላሉኝም።»

ችሎቱ በሳቅ ተሞላ። ዳኛዋ ራሳቸው ከንፈራቸውን በመዳፋቸው ሸፈን አደረጉ። ያልሳቀችው ልብስ ሰፊዋ ብቻ ናት። የእሷና የልጇ ሕይወት በአንድ ቃል አጠቃቀም ላይ ተንጠልጥሏል።

የባንኩ ነገረ ፈጅ ተነሣ። ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ንግግሩ የተጠና ሰው ነው። ስህተቱ የሠራተኛው እንጂ የባንኩ አይደለም አለ። ዳኛዋ «ሠራተኛው የማነው?» ብለው ጠየቁት። ነገረ ፈጁ «የባንኩ ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አለ። የልብስ ሰፊዋ ጠበቃ ጆሮዋ ሥር ጠጋ አለ። «አየሽ? 'ይወገዱ' ሲሉ ማን፣ እንዴት የሚል የለበትም። ኃላፊነት የሚደበቀው እዚች ቃል ውስጥ ነው። አሁን ግን ተያዘች።»

ነገረ ፈጁ ግን አልጨረሰም። የከሳሿ ቅጽ ከተሸጡት መሃል መኖሩ አልተረጋገጠም፤ ቢኖርም የምትፈራው ሰው እጅ አልደረሰም፤ ይህን ለማስረዳት ራሱን ሰውየውን በምስክርነት እናስጠራለን አለ። አድራሻውን ከየት ታመጡታላችሁ ሲባል፣ በባንኩ የቆየ ሂሳብ አለው ብሎ መለሰ።

እሷ ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማችም። ኮሪደሩ ላይ የጠበቃውን እጅጌ ይዛ «አይጥሩት፣ በእናትህ፣ ክሱ ይቅር» አለችው።

«ይምጣ እንጂ! መጥሪያው ላይ የሚጻፈው የምስክሩ አድራሻ ነው እንጂ የአንቺ አይደለም። ፍርድ ቤት መጥቶ ያይሻል፤ ይሄዳል። እኔ በመኪና አዙሬ አዙሬ ነው ቤት የማደርስሽ።»

ቀጠሮው ለአምስት ሳምንት ተሰጠ። አምስት ሳምንት በፍርሃት ሲቆጠር ረጅም ነው። ልጇን ትምህርት ቤት ስታደርስ በየቀኑ መንገድ ትቀያይራለች። ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነው፤ «እማዬ፣ ዛሬም ጠፋን?» ትላታለች፤ እሷም «አዎ፣ ጠፋን» ብላ ትስቃለች። ስፌቷ ተበላሸባት። የአንዱን ሸሚዝ እጅጌ ገልብጣ ሰፍታ ደንበኛው ተሳለቀባት።

በአራተኛው ሳምንት፣ ልጇን አሮጊቷ ዘንድ ትታ ለደንበኛ ሸሚዝ ባደረሰች በማግስቱ፣ ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ላይ ሆና ቀና ስትል፣ የጎረቤት ሴት ፊቷ ቆማለች። ዘለለች።

«በስመ አብ! በየት ገባሽ?»

«በበሩ ነዋ፤ በየት ልግባ?»

የግቢውን በር አልሰማችውም። ወጥታ ከፈተችው፣ ዘጋችው። ጭጭ አለ። ማጠፊያው ላይ ጥቁር ዘይት ወዝቷል።

«እማማ፣ በሩን አስቀቡት እንዴ?»

አሮጊቷ ልብስ እያሰጡ ነበር። «ተቀባ፣ ልጄ፤ እግዜር ይስጠው። ተገላገልን!»

የመንደር በር ለቀባ ሁሉ እግዜር ይስጠው ይባላል። ቅር አላት፤ ዘበኛዋን የወሰዱባት ያህል ከፋት። ማን እንደቀባው ግን አልጠየቀችም። አንድ ሸሚዝ አንገቱ ቀርቷት ነበርና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ልጅቷ ጉንፋን ይዟት ከትምህርት ቤት ቀርታ አከራይዋ ዘንድ ዋለች። ልብስ ሰፊዋ ችሎቱ ሲጀመር ጠበቃዋ ጎን ተቀምጣ ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተከለች። በሩ ሲከፈት ሳታይ አወቀችው። ሽማግሌው የንብረት ክፍል ኃላፊ ከኋላ ወንበር አጥተው ቆመው ነበር፤ «አባቴ፣ እዚህ ይቀመጡ» የሚል ለስላሳ ድምፅ ሰማች። የማይታጠፉት ሁለት ጣቶቿ ጠዘጠዟት።

ጨዋው ምሎ ቆመ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ ጸጉሩን ተስተካክሏል። ነገረ ፈጁ መነጽሩን አስተካክሎ ጀመረ።

«ከባንካችን የወጣ፣ የከሳሿ አድራሻ ያለበት ቅጽ እጅዎ ገብቶ ያውቃል?»

«በፍጹም።»

«ዕቃ ተጠቅልሎበት፣ ወይም ሰው ሰጥቶዎት?»

«አላየሁም። ባላየሁት አልመሰክርም።»

«የት እንደምትኖር ያውቁ ነበር?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ አላውቅም ነበር። የልጄ እናት ናት፤ ፈልጌ ፈልጌ አጥቻት ነበር።»

ነገረ ፈጁ ረክቶ ተቀመጠ። የእሷ ጠበቃ ግን ቀስ ብሎ ተነሣ።

«'ነበር' አሉ። አሁንስ?»

«አሁንማ አውቃለሁ።»

ጨዋው ከደረት ኪሱ በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣና በሁለት እጁ፣ በአክብሮት፣ ለችሎት ሠራተኛው አቀበለ። «ባንኩ በላከልኝ መጥሪያ ነው ያወቅሁት። አብሮ ተያይዞ ነበር።»

ዳኛዋ ወረቀቱን ዘረጉ። ከመጥሪያው ሥር ሙሉው የክስ ጽሑፍ ከነአድራሻው ተሰፍቷል። ከሱ ሥር ደግሞ ወፍጮ ቤቱ፣ ሦስተኛው በር፣ «ሲከፈት የሚጮኸው»። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይህን ለምስክር ማን ላከው?»

ነገረ ፈጁ ላብ አጠመቀው። «ስለምን እንደሚመሰክር እንዲያውቅ ተብሎ... ተያይዞ ወጥቶ ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«ማነው ያያያዘው ነው የምልህ!»

«ከቢሮ... ተያይዞ ነው የወጣው።»

ጠበቃዋ ክርኗን ጨበጠ። «አሸነፍን» አለ በሹክሹክታ፣ ፊቱ በርቶ። «በገዛ እጃቸው! ከዚህ በላይ ምን ጉዳት አለ?»

እሷ አልሰማችውም። አንድ ነገር ብቻ ነበር ጭንቅላቷ ውስጥ የሚዞረው፤ ሳትፈልገው የሚዞር፣ ዘይት የወዛበት ማጠፊያ። ዳኛዋ ወደ ምስክሩ ዞረው «ወደዚህ ቤት ሄደህ ታውቃለህ?» አሉ።

«አንድ ቀን ብቻ፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ላስቸግራት አልፈለግኩም፤ እሷም አልነበረችም። አንኳኳሁ፣ ማነው አሉኝ፣ እኔ ነኝ አልኩ። ደግ እናት ናቸው፤ ውኃም ሰጡኝ። በሩ ክፉኛ ሲጮኽ ሰማሁና አሳዘነኝ፤ ዘይት ገዝቼ ቀባሁላቸው።» ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ልብስ ሰፊዋን ቀና ብሎ አያትና ፈገግ አለ። «ልጄም አድጋለች።»

ደሟ ከሰውነቷ ተንጠፍጥፎ የወጣ መሰላት። ከዚያ ማን እንዳነሣት ሳታውቅ ቆማ ተገኘች።

«ክቡር ፍርድ ቤት... ይሄ ሰው... እኔ ከዚህ እስክርቅ ድረስ ያቆዩልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ካሣም ይቅርብኝ። ብቻ ያቆዩልኝ።»

ዳኛዋ እሷን አዩ፣ ጣቶቿን አዩ። «የምስክሩ ቃል ተጽፎ፣ ተነቦለት፣ በየገጹ እስኪፈርም ድረስ ከዚህ ክፍል አይወጣም» አሉ። ወደ ጸሐፊዋም ዞረው «ቀስ ብለሽ፣ በደንብ ጻፊ፣ ልጄ» አሏት። ቀጥለውም «ፖሊስ ይጠራ» አሉ። ማን እንደሚጠራው አልተናገሩም፤ ከተቀመጡትም የተነሣ አልነበረም።

ጨዋው እንዳላስቸገሩት ሁሉ ጎንበስ ብሎ «እታዘዛለሁ» አለ። «አልቸኩልም።»

ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን እንኳ አላነሣችም። ጠበቃው እስከ ኮሪደሩ ተከተላት። «እህቴ! እህቴ፣ የት ነው? ኃላፊነቱ እኮ ተረጋገጠ! ውሳኔውን ዛሬ ይሰጡናል!» ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች። ዛሬ መንገድ አልቀያየረችም፤ በአስፋልቱ ቀጥ ብላ ሮጠች፣ ልክ እንደሳለችው። ወፍጮ ቤቱን አለፈች፣ አንደኛውን በር፣ ሁለተኛውን። ሩጫው ደረቷን ሰንጥቆታል። አንድ ገጽ ስንት ደቂቃ ይጻፋል? ስንት ገጽ ይሆን?

ሦስተኛው በር ላይ ደርሳ በሁለት እጇ ደበደበችው።

«ማነው?» አሉ አሮጊቷ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ።»

መቀርቀሪያው ተሳበ። በሩም ምንም ድምፅ ሳያሰማ ተከፈተ።